አሸንዳ ይነቀል ወይስ ይጠገን? ክረምት ሳይገባ አማክሩኝ (አዳማ)

የቦኩ ልጅ

ሰላም ናችሁ የአዳማ ሰዎች፣ ቤት ያላችሁ ወይም ግንባታ ሚገባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ምንኖረው የቤተሰብ ቤት ነው፣ ዋናው ቤት ብሎኬት ነው ክዳኑ ቆርቆሮ ሆኖ ከፊት ፓራፔት (ጣሪያውን ሚከልል ከፍ ያለ ግድግዳ) አለው፣ ከኋላ ደሞ ሁለት ሰርቪስ ክፍል አለ እሱ ጭቃ ቤት ነው ከውጪ ብቻ በስሚንቶ የተለሰነ። አሸንዳው ቤቱ ሲሰራ የተሰቀለው ነው። አሁን በልግ ላይ ከበድ ያለ ዝናብ ሲጥል ያየሁት ምንድነው፣ ውሃው በቱቦው አይወርድም፣ በጓሮ በኩል ባለው ጥግ ላይ ሞልቶ በጠርዙ ይገነፍልና ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል።

እዛው ጥግ ላይ ቀለሙ ተልጧል፣ ከታች መሬቱ አካባቢ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር እያወጣ ነው፣ ከመስኮቱ ስር ጀምሮ ደሞ ደረጃ ደረጃ እየሰራ ወደ ጥጉ ሚወርድ ስንጥቅ አለ፣ ጣት ባያስገባም ሳንቲም ያስገባል። እናቴ "ይሄማ የ2017ቱ መንቀጥቀጥ ነው" ብላ ደምድማለች። የፈንታሌው ጊዜ ቤቱ ሲወዛወዝ ሁላችንም ደንግጠን ወጥተናል እና ተሳስተሻል ልላት አልቻልኩም። ሳሎን ውስጥም ኮርኒሱ ላይ፣ ፓራፔቱ ባለበት በኩል፣ ቡኒ ክብ ክብ ነገር ወጥቷል።

አንድ ሰራተኛ አምጥቼ አሳየሁት። ሰውዬው መሰላል ላይም ሳይወጣ "አዳማ ዝናቡ የሁለት ወር ነው፣ ይሄ ዝጓል ነቅለህ ጣለው፣ ቆርቆሮው ራሱ ውሃውን ያርቅልሃል" አለኝ። ጎን ያለው ጎረቤታችንም ነቅሎት ነው ሚኖረው። እኔ ግን ልቤ አልቆረጠም። ልንቀለው ወይስ ላስጠግነው? አሸንዳ ማፅዳት ሚባለውንስ ነገር እዚህ ሀገር የምር ሰው ያደርገዋል? ያለችኝን ብር ለስንጥቁ ላውላት ወይስ ለላይኛው?

ፎርማኑ

ወንድሜ ገና አትንቀል። መሰላል ላይ ሳይወጣ ፍርድ የሚሰጥ ባለሙያ ደሞ በቃ ሂሳቡን ሰጥተህ አሰናብተው።

መጀመሪያ የሁለት ወር ሚለውን ወሬ ተወው። አዳማ በዓመት 800 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ነው ሚወርደው፣ ተጠራቅሞ መምጣቱ ደሞ ለቤት ይብሳል እንጂ አይቀልም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጣሪያህ 120 ካሬ ቢሆን አንድ ከሰዓት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዶፍ ቢጥል 3,600 ሊትር ነው፣ በ200 ሊትሩ በርሜል 18 በርሜል። ይሄ 18 በርሜል የት ነው ሚሄደው? ጥያቄው ሁሉ እሱ ነው።

አሸንዳ ስራው ከጣሪያው ዙሪያ በትንሽ በትንሹ ሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ አንድ ቦታ ማምጣት ነው። ቱቦው ክፍት ከሆነ ጥሩ፣ ወደምትፈልገው ቦታ ወሰደልህ። ከተደፈነ ግን ሰብስቦ ሰብስቦ አንድ ጥግ ላይ ይደፋዋል። እና የተደፈነ አሸንዳ ጭራሽ ከሌለው ቤት የባሰ ነው፣ ምክንያቱም የጣሪያህን ግማሽ ውሃ አንድ ሜትር ማይሞላ ቦታ ላይ እያፈሰሰብህ ነው። የአንተ ቤት ችግር ይሄ ይመስለኛል። ሰራተኛው "ነቅለህ ጣለው" ያለህም ምናልባት ካየው ነገር ተነስቶ ነው፣ ግን መፍትሄው ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቀረው።

አሁን መሬቱን አስበው። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ላይ ነው፣ አፈሩ ብዙ ቦታ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ ነው፣ ያ ብሎኬት ሚሰራበት ቀላል ድንጋይ። ደረቅ ሲሆን ይዞ ይቆማል፣ ውሃ ሲገባበት ደቃቁ ታጥቦ ይሄድና ቀሪው ቁጭ ይላል። ጥጉ ስር ያለው አፈር ቁጭ ሲል መሠረቱ ተከትሎት ይወርዳል፣ መሠረቱ ሲወርድ ግድግዳው በብሎኬቱ መገጣጠሚያ በመገጣጠሚያ ይቀደዳል፣ አንተ ደረጃ ደረጃ ያልከው እሱ ነው። ነጩ ጨውም ያው የውሃ ነገር ነው፣ ብሎኬቱ ውሃ ይጠጣና ሲደርቅ በውስጡ ያለውን ጨው ወደ ላይ ይዞት ይወጣል።

እናትህን በተመለከተ፣ መንቀጥቀጡ ምንም አላደረገም ማለት አልችልም፣ ቀድሞ የላላ ጥግ ሲነቀነቅ ሊከፈት ይችላል። ግን የመንቀጥቀጥ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ዞር ዞር ብለህ ስታይ ብዙ ቦታ ነው ሚገኘው፣ የበርና የመስኮት ጥጎች ላይ፣ በመስቀለኛም። ያንተ ግን አንድ ቦታ፣ እሱም ውሃው ሚወርድበት ጥግ ስር። እሷን በወሬ ከምታሳምናት አንድ ነገር አድርግ፣ ስንጥቁ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ጄሶ በጥብጠህ የእጅ መዳፍ በሚያህል ስፋት ለጥፍበት፣ ቀኑን በእርሳስ ፃፍበት። ጄሶ አይለጠጥም፣ ግድግዳው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ሐምሌ ነሐሴ ላይ ከተሰነጠቀ ነገሩ የመሬቱ ነው፣ እስከ ጥቅምት ደህና ከቆየ ያኔ ስንጥቁን ሙላና ቀለም ቀባ። ከዛ በፊት ለስንጥቁ አምስት ሳንቲም እንዳታወጣ፣ ውሃው ሳይቆም ያስለሰንከው ልስን ተመልሶ ይወድቃል።

ኮርኒሱ ደሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በኋላ እመለስበታለሁ አሁን ሳይት ላይ ነኝ።

ሳቂታው 14

ዝናቡ የሁለት ወር ነው ያለህ ሰውዬ ነሐሴ ላይ የአዳማ መንገድ ላይ ሱሪውን ሰብስቦ አያውቅም ማለት ነው 😂 ከተማው ሳህን ውስጥ ነው እኮ ያለነው፣ ዙሪያውን ካሉት ኮረብቶች ሚመጣው ሁሉ እኛ ጋር ነው ሚሰበሰበው፣ በዛ ላይ የራስህ ጣሪያ ሲጨመርበት...

ዳቤ ሰፈር

እኔ ልቃወም። እኔ ጋር አሸንዳ የለም ቤቱም ደህና ነው። ግን ልብ በሉ፣ የኔ ቤት ጣሪያው ከግድግዳው ወደ ውጪ በደንብ ረዝሞ የወጣ ነው፣ ወደ 80 ሳንቲም ይሆናል፣ ከታች ደሞ ዙሪያውን ማርሻፔዴ (የስሚንቶ መረማመጃ) ተሰርቶለት ወደ ውጪ ያጋደለ ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ዲች አለ ውሃውን ወደ በር ሚወስደው። ስለዚህ ውሃው ከግድግዳው ርቆ ስሚንቶ ላይ ነው ሚወድቀው። የድሮ ሳር ቤትስ አሸንዳ ነበረው እንዴ? ክዳኑ እስከ ታች ወርዶ ግድግዳውን ይሸፍነው ነበር በቃ። ችግሩ የዘመኑ ቤት ክዳኑ አጭር ነው፣ ለፋሽን ብለው ቆርጠውት ግድግዳው ራቁቱን ይቀራል ከዛ አሸንዳውንም ነቅለህ ስትጥል ምን ይከልለው?

እና ወንድሜ ክዳንህን ለካ። 30 ወይ 40 ሳንቲም ከሆነ የጎረቤትህን ነገር አትከተል። የሱንም ግድግዳ ከስር እስቲ ጠጋ ብለህ እየው፣ ጭቃው እስከ የት ድረስ እንደተረጨ ይታይሃል።

የገንደ ሃራዋ

ልጄ እኔ ስለ ጭቃ ቤቱ ልንገርህ፣ ሰዎቹ ሁሉ ስለ ብሎኬቱ ነው ሚያወሩት። ብሎኬት ይሰነጠቃል እንጂ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል፣ ጭቃ ቤት አይጠብቅም። ሰርቪሱን ለማከራየት ጭቃውን በስሚንቶ ለስነን ቆንጆ አደረግነው ስንል ውሃው ከላይ በኩል በልስኑና በጭቃው መሃል ገብቶ ውስጥ ለውስጥ ይሰራል፣ ከውጪ ምንም አይታይም፣ ምክንያቱም ስሚንቶው አያስተነፍሰውም። አንድ ቀን በጣትህ መታ መታ ስታደርገው ባዶ ድምፅ ይሰጥሃል፣ ያኔ ውስጡ ጭዱ በስብሷል ማገሩም እንጨቱም ረጥቧል። ረጠበ ማለት ደሞ ምስጥ መጣ ማለት ነው፣ የአዳማን ምስጥ አታውቀውም እንዴ። ምስጥ እርጥበት ይወዳል፣ ደረቁን እንጨት ትቶ መጀመሪያ ሚሄደው እዛ ነው።

እኛ ግቢ የአንዱ ክፍል ግድግዳ ከስር ተበልቶ ምሰሶው በአየር ላይ ቀርቶ ነበር፣ ከላይ ስናየው አሸንዳው ከተጋጠመበት ቦታ ላይ ተለያይቶ ልክ ከምሰሶው አናት ላይ ነበር ሚያንጠባጥበው። አንድ ጠብታ ናት፣ ግን ክረምት ሙሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ሂድና ሰርቪሱን ከዋናው ቤት በፊት እየው፣ ከታች እስከ ጉልበትህ ድረስ እያንኳኳህ ዙር። ባዶ ድምፅ ሚሰጥ ቦታ ካለ ልስኑን አራግፈህ አድርቀው፣ እንጨቱን ቀይር፣ ከዛ አሸንዳ።

አሸንዳ ማፅዳት ሰው ያደርጋል ወይ ላልከው፣ እኔ ጋር በየዓመቱ ግንቦት ላይ ነው። ለአንድ የቀን ሰራተኛ የቀን ሂሳብ እከፍላለሁ ምሳም አበላለሁ፣ አንድ ግድግዳ እንደገና ከማስለሰን ሲሻል ነው።

ተከራይ ነኝ እኔ

የኔን ደሞ ስሙኝ እስቲ 😅 እኔ ሰርቪስ ክፍል ተከራይቼ ነው ምኖረው፣ አሸንዳው ልክ የመብራት ቆጣሪው በላይ ነው ሚያፈሰው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ቆጣሪው ላይ ፌስታል እናለብሳለን። ለአከራዬ ስነግራት "አንተ ወጥተህ አፅዳው" ትለኛለች፣ እኔ ወጥቼ ቆርቆሮ ባጣምም ደሞ ማን ሊከፍል ነው? በኔ በኩል የጣሪያ ነገር የባለቤት ስራ ነው። ጠያቂው አንተ ተከራይ ካለህ ቆጣሪውና ሶኬቱ ያለበትን ቦታ ከላይ ምን እንዳለ እየው፣ እሱ እስከ ክረምት ሚቆይ ነገር አይደለም።

ትንኙን ሳልረሳ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላም አሸንዳው ውስጥ ውሃ ቁጭ ይላል፣ ማታ ማታ መስኮት መክፈት አይቻልም።

ነርስ ከአዳማ

ትንኙ ቀልድ አይደለም። አዳማ ወባ ያለበት ከተማ ነው፣ ከክረምት ማግስት መስከረምና ጥቅምት ላይ ሚመጣውን ታካሚ ምናውቅ እናውቀዋለን። ከእንቁላል ተነስቶ እስከ በራሪ ትንኝ ድረስ በሞቃት አየር አንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፣ ስለዚህ በየሳምንቱ ሚሞላ አሸንዳ ለሱ ምቹ ቦታ ነው። የድሮው ወባ አስተላላፊ ትንኝ አብዛኛውን መሬት ላይ ያቆረ ውሃ ነው ሚመርጠው፣ አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ሚባል ከእስያ የመጣ ዝርያ አለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ ቀብሪ ደሃር ላይ በፈረንጆቹ 2016 ነው የተገኘው፣ እሱ ከተማ ውስጥ በርሜል፣ ታንከር፣ ውሃ የያዘ ዕቃ ውስጥ ይራባል። አሸንዳ ውሃ መያዝ የለበትም፣ ማስተላለፍ ነው ያለበት። ዝናብ ካቆመ በኋላ በማግስቱ ውሃ ካለበት ወይ ተደፍኗል ወይ ወደ ቱቦው ሳያጋድል ነው የተሰቀለው።

የቦኩ ልጅ

ኧረ እናመሰግናለን፣ ይሄን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበኩም። ጠዋት ወጥቼ አየሁት፣ ወንድሜ መሰላሉን ይዞልኝ። ውስጡ ያለው ቅጠል ብቻ መስሎኝ ነበር፣ አብዛኛው ግን አፈር ነው! ያ የአዳማ ነፋስ ሚያመጣው ደቃቅ አቧራ ተጋግሮ ጠንክሯል፣ ላዩ ላይ ሳር በቅሎበታል የምር ሳር። ፌስታል ደሞ አይጠየቅም፣ የልጆች ኳስ አንድ፣ የዲሽ ገመድ አሸንዳው ውስጥ ለውስጥ ተዘርግቶ ቆሻሻውን እዛው አቁሞታል። ዲሽ የሰቀለልን ሰውዬ ጠርዙ ላይ ቆሞ ነው መሰለኝ እዛ ጋር አሸንዳው ጎብጧል፣ ያ የጎበጠው ነው እንግዲህ ጥጉ። ሰርቪሱን እንዳሉኝ እያንኳኳሁ ዞርኩ፣ አንዱ ክፍል ከበሩ አጠገብ ባዶ ይላል። ጋሽ ፎርማን ኮርኒሱን ንገረኝ ያልከውን፣ ደሞ እንዴት ነው ሚፀዳው በውሃ ልልቀቅበት?

ፎርማኑ

ዲሽ ሰቃይና አሸንዳ አይዋደዱም፣ ሁሌም እንዲሁ ነው። ገመዱን አውጣው፣ በግድግዳው በኩል በሚስማር ይያዝ።

በውሃ እንዳትጀምር። ደረቁን አፈር በውሃ ስታርሰው ጭቃ ይሆንና ቱቦው ውስጥ ገብቶ ጭራሽ ይደፍነዋል። በደረቁ ነው ሚወጣው፣ ሃይላንድ በግማሽ ቆርጠህ እንደ ማንኪያ ተጠቀም፣ ብረት አካፋ ከሆነ ዚንኩን ይፍቀዋል ከዛ ዝገት ነው። ማዳበሪያ ከረጢት በገመድ መሰላሉ ላይ አንጠልጥለህ እዛ ውስጥ ጨምረው፣ ወደ ግቢው ከወረወርከው መጀመሪያ ዝናብ ላይ ዲቹን ይሞላዋል። አፈሩ ካለቀ በኋላ ከቱቦው ራቅ ካለው ጫፍ ጀምረህ ውሃ ልቀቅ፣ ያኔ ሁለት ነገር ታያለህ፣ የት ላይ እንደሚያፈስና የት ላይ እንደሚቆም።

ውሃው ሚቆምበት ቦታ ላይ ማንጠልጠያው ወርዷል ማለት ነው። አሸንዳ ወደ ቱቦው ማጋደል አለበት፣ በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ይበቃል፣ ገመድ ወጥረህ ለካው በዓይን አትገምት። ማንጠልጠያዎቹ በየሜትሩ ወይም ከዛ ጠጋ ብለው ይሁኑ፣ አፈር የተሸከመ አሸንዳ ከባድ ነው ሚስማሩን ነቅሎ ይወርዳል፣ የአንተም ጥግ ምናልባት ሰውዬው ብቻ አይደለም ያጎበጠው። ቆርቆሮው ጫፉ ወደ አሸንዳው ውስጥ 5 ሳንቲም ያህል ገባ ማለት አለበት፣ አጭር ከሆነ ውሃው ከኋላ በኩል ተመልሶ ፋሻ ጣውላውን (አሸንዳው ሚታሰርበትን የጣሪያ ጠርዝ ጣውላ) ያበሰብሰዋል።

ቀዳዳውን የበር ብየዳ ቤት ወስደህ እንዳታስበይደው። ቆርቆሮው ስስ ነው፣ ብየዳው ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ በሚቀጥለው ክረምት እዛው ቦታ ላይ ይዝጋል። አሮጌው በሪቬትና በሲሊኮን፣ ወይ በስታኞ (ቀልጦ ሚያጣብቅ ለስላሳ ብረት) ሚሰራ ቆርቆሮ ሰሪ ካገኘህ በስታኞ ነው። ብዙ ቦታ ከተበሳ ግን አትልፋ፣ ያንን ወገን አዲስ አሰራ። ስታሰራ ጌጅ 28 በል፣ ቁጥሩ ሲጨምር እየሳሳ ነው ሚሄደው፣ 35 ሰጥተው ርካሽ ነው ሊሉህ ይችላሉ።

ኮርኒሱ፦ ፓራፔት ያለው ቤት አሸንዳው ከፓራፔቱ ጀርባ ተደብቆ ነው ያለው፣ ከመሬት አይታይም ስለዚህ ማንም አያስታውሰውም። የጓሮው አሸንዳ ሲሞላ ወደ ውጪ ነው ሚገነፍለው፣ የተደበቀው ግን ሲሞላ መሄጃ ስለሌለው በቆርቆሮው ስር ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ ቀጥታ ኮርኒስህ ላይ። ቡኒው ነገር እሱ ነው። እዛ ጋር ማፅዳት ብቻውን አያስተማምንም፣ ፓራፔቱን ከአሸንዳው ከንፈር ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ብሳና አጭር ቱቦ ወደ ውጪ አውጣ፣ ትርፍ ውሃ መውጫ ይሆንልሃል። በዛ ቱቦ ውሃ ሲወርድ ካየህ ዋናው ተደፍኗል ማለት ነው፣ ምልክትም ሆነልህ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የመብራት ገመድ ከፖሉ ወደ ቤትህ ሚገባው በየት በኩል እንደሆነ ሳታይ አሉሚኒየም መሰላል እንዳታቆም። በጠርዙ ላይም አትደገፍ፣ መሰላሉ ግድግዳው ላይ ይረፍ።

ሳቂታው 14

ወንፊት ሽቦ ቢለብስስ? ሁለተኛ መውጣት ላይኖር ነው

ዳቤ ሰፈር

ወንፊቱ ለፌስታልና ለኳስ ጥሩ ነው፣ አቧራውን ግን አያቆምልህም፣ ግቢህ ጃካራንዳ ወይ ግራር ካለ ደሞ ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ግማሹ ያልፋል ግማሹ ላዩ ላይ ምንጣፍ ይሰራል። እኔ ቱቦው አፍ ላይ ብቻ አድርገው ነው ምለው፣ ከሽቦ ክብ ተደርጎ ወደ ላይ ጎበጥ ያለ። መውጣቱ ግን አይቀርም።

ወንጂ መንገድ

ሁላችሁም ውሃውን እንዴት እናባርረው ነው ምታወሩት፣ እኔ ደሞ በተቃራኒው ነው። ቧንቧ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፎርማኑ ያሰበውን 120 ካሬ ጣሪያ በ800 ሚሊ ሜትር ብትመቱት በዓመት 96,000 ሊትር ነው፣ ሚተነውንና ሚፈሰውን ሩቡን ቀንሱ ብትሉ እንኳን 70,000 ሊትር አለ። ይሄ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበትን ግድግዳ እያፈረሰ ይሄዳል!

እኛ ጋር ደሞ ሌላ ምክንያት አለ። በወንጂ በኩል ያደገ ሰው ጥርሱን አይታችሁ ታውቃላችሁ፣ ፍሎራይድ ነው፣ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ላይ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ነው ሚለው፣ እዚህ አካባቢ ከዛ በብዙ ያለፉ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ማፍላት አይጠቅምም፣ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዛው ይቀርና ጭራሽ ይጠነክራል። የዝናብ ውሃ ግን የለበትም ማለት ይቻላል። የከተማው ቧንቧ ከአዋሽ ተጣርቶ ሚመጣ ስለሆነ እሱ ሌላ ነው፣ እኔ ምለው በጉድጓድ ለሚኖር ሰው ነው።

ታዲያ ሮቶ ውስጥ ሚገባው ውሃ ባለፈበት ነገር ልክ ነው። ሳር የበቀለበት፣ ወፍ የሰፈረበት አሸንዳ ካለ ያንን ነው ምትጠጡት። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ወደ ሮቶው አላስገባም፣ ቱቦውን ወደ ውጪ አዙሬ ጣሪያውን እንዲያጥብ እተወዋለሁ፣ ከዛ በኋላም ቢሆን ለመጠጥ ከሆነ ይፈላል ወይ ክሎሪን ይደረግበታል። ለልብስና ለመፀዳጃ ግን ምንም አያስፈልገውም። የሮቶው አፍ በደቃቅ ወንፊት ይታሰር፣ ነርሷ ላለችው ትንኝ።

የገንደ ሃራዋ

እሱ ልክ ብሏል። እኔም በርሜል አለኝ ከቱቦው ስር። ግን በርሜሉ ሲሞላ ትርፉ የት እንደሚሄድ ካልታሰበ ያው ግድግዳው ስር ነው ሚደፋው ልጄ፣ እሱን እየው።

የቦኩ ልጅ

እሺ እትዬ። ሰርቪሱን ነው ምጀምረው፣ ልስኑን ነገ ከነገ ወዲያ አራግፈዋለሁ፣ ጄሶውንም ለጥፌ እናቴን አስፈርሜያታለሁ 😄 "ነሐሴ ላይ እናያለን" ብላለች። አንድ ሚቀረኝ ጥያቄ፣ ቱቦው አሁን ሚያልቀው ግድግዳው ስር ነው፣ ወደ ጎረቤት አጥር በኩል ባዞረው መሬቱ ወደዛ ነው ሚያጋድለው ይቀልላል፣ ወደ መንገድ ከሆነ ግን ግቢውን መቆፈር ሊኖርብኝ ነው። የጎረቤቱ ውሃ ደሞ አሸንዳ ስለሌለው ወደኛ አጥር እየረጨ ነው፣ ያው እሱም እየለቀቀብኝ አይደል?

ፎርማኑ

ወደ ጎረቤት በፍፁም። እሱ ስላደረገ አንተም ካደረግክ በመሃል ያለው አጥር ከሁለት ወገን ይርሳል፣ አጥሩ ሲወድቅ ደሞ ማን ነው ሚሰራው ሚል ክርክር ነው፣ ቀበሌ ለቀበሌ ትዞራላችሁ። ቆፍር። ጥልቅ አይደለም፣ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ ሚውጥ ያህል፣ ወደ መንገዱ ዲች እያጋደለ። በየመታጠፊያው ማንሆል ባይሆን እንኳን ሚከፈት ክዳን አድርግለት፣ መታጠፊያ ላይ ነው አፈሩ ሚከማቸው። ወራጁ ቱቦ ራሱ ስንት ነው አሁን ያለህ? ለ100 ካሬ ጣሪያ ወደ 100 ካሬ ሳንቲም የሚጠጋ የቱቦ አፍ ይፈልጋል፣ አንድ 110 ቱቦ ማለት ነው፣ ያንተን ሁለት ቦታ አውርደው። ብዙ ቤት ላይ 50 ቱቦ አስገብተው ለምን ይሞላል ይላሉ።

ከመፍሰሻ ጉድጓዱ ጋር ግን እንዳታገናኘው፣ የሽንት ቤቱን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ክረምት ላይ ሞልቶ ወደ ቤት ይመለሳል።

ጎረቤትህን ደሞ ቡና ጠጥታችሁ አናግረው። ሁለታችሁም አንድ ጊዜ ቆርቆሮ ሰሪ ብታመጡ የትራንስፖርቱን ትካፈላላችሁ፣ ለሱም ግድግዳው ነው።

ዳቤ ሰፈር

ከግንቦት ሌላ መስከረም መጨረሻ ላይም አንዴ ውጣ። ክረምቱ ያመጣው ጭቃ እዛው ደርቆ ከከረመ በውስጥ በኩል ነው ሚያዝገው፣ ከታች ስታየው ደህና ይመስልሃል በጣት ስትነካው ግን ይበሳል።

ተከራይ ነኝ እኔ

ይሄን ገፅ ስክሪንሾት አድርጌ ለአከራዬ ልኬላታለሁ። "ፎርማኑ ስንት ያስከፍላል" ብላለች

ፎርማኑ

መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ሚያፈሰውን ቦታ ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ።